ከሼዱ ጀርባ ያለውን ሳይናገሩ ቤት መሸጥ፦ አንድ ጥያቄና ሃያ አራት መልሶች

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በግንቦት ወር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ። መድረኩ እዚህ እንግሊዝ አገር የምንኖር ሐበሾች ስለ ቤት፣ ስለ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) እና ስለ ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) የምንጠያየቅበት ነው። አብዛኛው ጥያቄ ሦስት አራት መልስ አግኝቶ ይሞታል። ይሄኛው ሃያ አራት ደረሰ፤ ወራትም ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ቤት ሊሸጡ ያሰቡ ሰዎች ምን ተባልሽ እያሉ ስለሚጠይቁኝ ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውን ከነመልሶቹ፣ እዚህ እተርከዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ሰዎቹ የጻፉት ለዚያ መድረክ እንጂ ለዚህ አይደለም። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የመነሻው ጽሑፍ። ደቡብ ለንደን ያለውን ቤታችንን ልንሸጥ ነው አልኩ። ከገዛነው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። ልጆቹ አድገዋል፤ ደረጃው ደግሞ ለእናቴ ጉልበት አልሆነም። ዋጋ ሊገምት የመጣው ደላላ ሳሎኑን ወደደው፣ ኩሽናውን ወደደው፣ ጓሮ ወጥቶ ከሼዱ፣ ከዕቃ ማስቀመጫዋ ጎጆ፣ ጀርባ ሲደርስ ግን ዝም አለ። እዚያ የበቀለውን እኔ የቀርከሃ ዘር መስሎኝ ለሦስት ዓመት ስቆርጠው ነበር። በጸደይ ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ በሁለት ሳምንት ወገቤ ይደርሳል፣ እቆርጠዋለሁ፣ ይመለሳል። ደላላው ስሙን ነገረኝ፦ ጃፓኒዝ ኖትዊድ፣ እዚህ አገር ቤት ገዢውም ባንኩም የሚፈራው አረም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና ፎቶ አንሺው ከመምጣቱ በፊት ነቅዬ ጠጠር እንዳፈስበት መከረኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ተናግሬ ብሸጥ ማን ይገዛል? ሳልናገር ብሸጥስ ምን ይመጣብኛል? እውነቱን ለመናገር ያስነሳኝ ሁለተኛው ነው። አፍሬ ነው ከታች ያደረግኩት።

1ኛው መልስ በማለዳ መጣ፤ በጣም ጨዋ ነበር። ሰውየው ስሙን ከመቀበሌ በፊት ፎቶ እንድለጥፍ ጠየቀ። ምን ምን ማየት እንዳለብኝም ዘረዘረልኝ። ቅጠሉ ጋሻ ይመስላል፤ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት በኩል በቢላ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው። ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ ተራ እየገቡ ስለሚወጡ ቅርንጫፉ ዚግዛግ ይሄዳል። ግንዱ ውስጡ ባዶ ነው፣ ላዩ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለበት። በበጋው ማብቂያ ነጭ የአበባ ዘለላ ያወጣል። በፒጃማ ወጥቼ አነሳሁና ለጠፍኩ።

2ኛው መልስ ከአንዲት ሴት ነው፤ ይቅርታ እየጠየቀች እሱ ራሱ እንደሆነ አረጋገጠችልኝ። ስለ አክስቷም ነገረችን። አክስትየዋ በዚሁ ድንጋጤ ገንዘብ ከፍላ ባለሙያ አስመጥታ፣ ተክሉ የሩሲያ ሐረግ የሚባለው የኖትዊድ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። በጣም ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔም ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረግኩ፤ ግን ነጠብጣቡ፣ ዚግዛጉ፣ ሁሉም ነገር አለ።

ክሩን ያሞቀው 3ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ጭንቀቴ ገርሞታል። እሱ ራሱ እንዲህ ዓይነት ቤት በጥር ወር ሸጧል። ተክሉ በክረምቱ ላዩ ደርቆ ስለሚወድቅ፣ የደረቀውን አገዳ ሰብስቦ መጥረግ ብቻ ነው የቀረው። ገዢው አላየም፣ ቤቱን የመረመረው ሰርቬየርም አላየም፣ ቅጹ ላይ የለም የሚለው ላይ ምልክት አደረገና ቁልፉን አስረክቦ ሄደ። እኔም እስከ ኅዳር ታግሼ እንዲሁ እንዳደርግ፣ በዚህ አገር ቅን ሰው ሁልጊዜ ከሳሪ እንደሆነ አስረዳኝ። ሰባት ሰው ወዶለታል። ከሰባቱ አንዷ እኔ ነበርኩ። በኋላ አነሳሁት።

4ኛዋ መላሽ የቤት ሽያጭ ውል በሚያስፈጽም የሕግ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ረጅሙን መልስ የጻፈችው እሷ ናት፤ እኔንም ከመንገዴ የመለሰችኝ እሷ ናት። በእንግሊዝና በዌልስ ሻጭ የሚሞላው ቲኤ6 የሚባል ቅጽ አለ። ያዘጋጀው የጠበቆቹ ማኅበር ነው። ከ2013 ጀምሮ ስለ ኖትዊድ በቀጥታ ይጠይቃል፤ ምርጫው አለ፣ የለም፣ አላውቅም ነው። በ2020 ከወጣው እትም ጋር የመጣው ማብራሪያ ደግሞ ነገሩን አጠበቀው። የለም ለማለት ከመሬት በላይ አለማየት አይበቃም። ከመሬት በታችም ሥሩ እንደሌለ፣ ከወሰኑ ውጭም እስከ 3 ሜትር ድረስ እንደሌለ እርግጠኛ መሆን ያስፈልጋል። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው የሚመርጠው አላውቅም የሚለውን ነው።

ቀጥላ ያነሳችው ነገር ነው ያስደነገጠኝ። እኔ ከዛሬ በኋላ አላውቅም ማለት አልችልም። ደላላው ነግሮኛል፣ ፎቶ ለጥፌያለሁ፣ 2ኛዋ አረጋግጣልኛለች፣ ይሄ ሁሉ ቀንና ሰዓት ያለው ጽሑፍ ሆኖ ተቀምጧል። ምክር ፍለጋ የጻፍኩት ጥያቄ ራሱ በእኔ ላይ የሚመሰክር ወረቀት ሆነ። ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ተመልሼ ቁጭ ስል ሻዩን ማፍላቴን ረስቼዋለሁ።

5ኛው መልስ በፍርድ ቤት ጉዳይ አጠናከረላት። በደቡብ ምዕራብ ለንደን በ2018 በ700,000 ፓውንድ የተገዛ ቤት ነበር። ሻጩ ቅጹ ላይ የለም ብሏል። ገዢው ገብቶ ጓሮውን ሲያጸዳ ኖትዊዱን አገኘው፤ የት ቢባል፣ ከሼዱ ጀርባ። ሻጩ አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ ጋርዶብኝ አላየሁትም ሲል ተከራከረ። ዳኛው አላመኑትም። በ2023 የ32,000 ፓውንድ ካሳ ተፈረደበት፤ የሁለቱ ወገን የጠበቃ ወጪ ተጨምሮ ሲመጣ ካሳው ትንሹ ሂሳብ ሆነ። መላሹ ሌላ አስተያየት አልጨመረበትም። የእኔም ሼድ ከአልጋዬ በመስኮት ይታያል።

6ኛው መልስ የ3ኛው ሰውዬ መመለስ ነው፤ አሁን ቁጣ አለበት። በዚህ አገር ሕግ ገዢ ራሱ አይቶ መግዛት እንዳለበት፣ ቤቱን አገላብጦ ማየት የገዢው ፋንታ እንደሆነ ጻፈ። 4ኛዋንም ለጠበቃዎች ደንበኛ የምታመጣ ሰው ናት ሲል ወረፋት።

7ኛው አጭር ነበር፤ ትንሽም ስለታም። ገዢ ይጠንቀቅ የሚለው ደንብ እውነት ነው፤ ግን የሚሠራው ሻጩ ሳይጠየቅ ዝም ላለው ነገር ነው። ተጠይቆ በጽሑፍ ሐሰት ለመለሰ ሰው መጠለያ አይሆንም። ለዚያ የ1967ቱ የተሳሳተ መግለጫ ሕግ አለ። ገዢ ለመክሰስ በጥቅሉ ስድስት ዓመት አለው፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ከሆነ ደግሞ ቆጠራው የሚጀምረው ነገሩ ከታወቀበት ወይም ሊታወቅ ከሚችልበት ጊዜ ነው። 3ኛው ሰውዬ ለዚህ መልስ አልሰጠም። ለረጅም ጊዜ ጠፋ።

8ኛዋ ሌላ ጽንፍ ይዛ መጣች። ይሄ አረም ኮንክሪት በስቶ እንደሚወጣ፣ መሠረት እንደሚያናውጥ፣ ቤቱ የዋጋውን ግማሽ እንደሚያጣ፣ ምናልባትም እንደሚፈርስ። ጋዜጣ ላይ ያየችውን ፎቶ አስታወሰች፤ በሳሎን ወለል መሃል የበቀለ። ማስፈራራት ፈልጋ አይመስለኝም፤ እሷም ፈርታለች። እኔ ግን በዚያ ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ደግነቱ 9ኛው ሲቪል መሐንዲስ ነው። በትሕትና ጀምሮ ቀስ በቀስ ጋዜጦቹ ላይ እየተናደደ ሄደ። ኖትዊድ ደኅና ኮንክሪት አይበሳም። ስንጥቅ ካገኘ፣ በንጣፍ ድንጋይ መጋጠሚያ ወይም ቀድሞ በተሰበረ ቱቦ በኩል ይገባል፤ እየወፈረ ሲመጣ ክፍተቱን ያሰፋዋል። የሊድስ ዩኒቨርሲቲና ኤይኮም የተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በሕንፃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሌሎች ተክሎች የባሰ ሆኖ አላገኙትም፤ ብዙ ዛፎች ይብሱታል። ሥሩ ሰባት ሜትር ድረስ ያሰጋል የሚለው የቆየ ደንብም አልጸናም። አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ሜትር አያልፍም። በእርጅና የፈረሰ ቤት ውስጥ በቅሎ የተነሳ ፎቶ፣ ቤቱን ያፈረሰው ተክሉ ነው ለማለት አይበቃም። ይሄን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 8ኛዋም አመሰገነችው፤ በእንደዚህ ዓይነት ቦታ ብዙ የማይታይ ነገር ነው።

10ኛው ከዚሁ ላይ ቀጠለ። ባንኮች የሚፈሩት ቤቱ ይወድቃል ብለው ሳይሆን ነገ ማን ይገዛዋል ብለው ነው። የሰርቬየሮቹ ማኅበር ሪክስ በ2012 ያወጣው መመሪያ ሰባቱን ሜትር እንደ መስፈርት ስለያዘ፣ ጎረቤቱ ጓሮ ውስጥ ያለበት ሰው እንኳ ሞርጌጅ ሊከለከል ይችል ነበር። በ2022 ማኅበሩ መመሪያውን ለወጠው። ርቀቱ ወደ ሦስት ሜትር ወረደ፤ ምደባውም ከ«ሀ» እስከ «መ» እንደማለት በአራት ሆነ። የመጀመሪያው በቤቱ ወይም በሌላ ዋና ግንባታ ላይ የሚታይ ጉዳት ያደረሰ ነው። ሁለተኛው ጓሮውን ለመጠቀም ወይም ለመግባት የሚያስቸግር። ሦስተኛው ግቢው ውስጥ አለ፣ ግን ሁለቱንም አላደረገም። አራተኛው ከግቢው ውጭ ሆኖ ከወሰኑ ሦስት ሜትር ውስጥ ያለ። የእኔ ከሼድ ጀርባ ያለ ስለሆነ ሦስተኛው ሳይሆን አይቀርም አለ። የመጨረሻው ቃል ግን የሰርቬየሩ ነው።

11ኛዋ እስካሁን የጠፋውን ወገን ይዛ መጣች፤ ገዢ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት የገዛችው ቤት ኖትዊድ ነበረው፤ እያወቀች ነው የገዛችው። ሻጯ አሮጊት ቅጹ ላይ አለ ብለው ሞልተው፣ የሕክምናውን ዕቅድና የአሥር ዓመት ዋስትናውን በፋይል አድርገው ጠበቁዋት። ዋስትናው በኢንሹራንስ የተደገፈ ነው። አረሙን የሚያክመው ድርጅት ቢዘጋ እንኳ ኢንሹራንሱ ይቀራል፤ ቤቱ ሲሸጥ ደግሞ ለሚቀጥለው ባለቤት ይተላለፋል። ባንኳ የጠየቃት እሱን ወረቀት ብቻ ነበር። ኖትዊዱን ከደበቀ ሰው ይልቅ ፋይል ከያዘ ሰው መግዛት ቀሏታል። እንዲያውም ሌላ ሦስት ቤት አይታ ነበር፤ ስለ ሦስቱም ጓሮ ዛሬም ትጠራጠራለች። ይሄ ሐሳብ ለእኔ አዲስ ነበር። ሁላችንም ስንወያይ ገዢውን ልናመልጠው የሚገባ ጠላት አድርገነው ነበር።

12ኛው የራሴ ነው። ሁለት ድርጅት ጠርቼ ነበር፤ ዋጋቸውን ለጠፍኩ። በመድኃኒት ለሦስት ዓመት መርጨትና የአሥር ዓመት ዋስትና፣ 2,900 ፓውንድ። ቆፍሮ አፈሩን ጭምር ማውጣት፣ 11,000። ሁለተኛው በሳምንት ያልቃል፤ አፈሩ ግን ፈቃድ ወዳለው ማስወገጃ በጭነት መኪና መሄድ ስላለበት ነው የተወደደው። በዚያው አንድ ነገር ሳላስበው አመለጠኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የቆረጥኩትን ካውንስሉ በሰጠን የጓሮ ቆሻሻ ቢን ውስጥ እጥለው እንደነበር ጻፍኩ።

13ኛው አልማረኝም። በ1990 የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ይሄን ተክልና ሥሩ ያለበትን አፈር ቁጥጥር የሚደረግበት ቆሻሻ እንደሚያደርገው፣ የጓሮ ቢኑ ይዘት ኮምፖስት ሆኖ ለስንት ሰው አትክልት እንደሚሄድ፣ እኔም ስንት ግቢ እንደበከልኩ አስበው እንደማውቅ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሰው በቃህ አለው፤ ለእኔ ግን እውነቱን ነበር። ጨምሮም ስለ ሌላው ሕግ ግራ እንዳልጋባ አስረዳኝ። በ1981ዱ የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ መሠረት ወንጀሉ በዱር እንዲበቅል ማድረግ ነው። በግል ጓሮ መኖሩ ራሱ ወንጀል አይደለም፤ ለማንም ሪፖርት የማድረግ ግዴታም የለም። ቁጣው ውስጥ ይሄን ማስገባቱን ወደድኩለት።

14ኛው መልስ ሁላችንም ጋሼ ከምንላቸው ሰው ነው። ጡረታ እስኪወጡ በለንደን ፓርኮች ውስጥ አትክልተኛ ነበሩ። ሲጽፉ አይቸኩሉም። መጀመሪያ 13ኛውን ልጅ ቀስ እንዲል አሳሰቡት። ከዚያ ለምን እንደተቆጣም አስረዱ። ከሥሩ 0.7 ግራም ብቻ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል፣ ለአዲስ ተክል ትበቃለች። ትኩስ የግንድ አንጓም ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ በማጨጃ ማሽን መምታት መዝራት ነው። ኮምፖስት ውስጥ መጨመር መዝራት ነው። ቆፍሮ አፈሩን ለጓደኛ መስጠትም መዝራት ነው።

ከዚያ ታሪኩን አመጡት፤ እኔ በበኩሌ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ተክሉ በጃፓን በእሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ የሚበቅል ነው። አመድ እየወረደበት፣ እየተቀበረ፣ እንደገና ለመውጣት የተፈጠረ። የእኔ ጠጠር ምንም እንደማይለው ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ አውሮፓ ያመጣው ዚቦልድ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1847 በዩትሬክት ከተማ የአትክልትና የእርሻ ማኅበር የዓመቱ ድንቅ አዲስ የጌጥ ተክል ብሎ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው። በ1850 ከዚቦልድ ችግኝ ጣቢያ ወደ ኪው የእጽዋት ማዕከል ተላከ፤ ከዚያ ባለጸጎቹ በውድ እየገዙ ጓሯቸውን አስጌጡበት። ብሪታንያ ውስጥ ያለው ሁሉ የአንዲት ሴት ተክል ቁራጭ ነው፤ ወንድ የለውም፣ በዘር አይደለም የተራባው። ጋሼ እንደሚሉት የእኔም ሆነ የዌልሱ፣ የስኮትላንዱም፣ አንዲት ተክል ናት።

15ኛውና 16ኛው ከመንገድ ወጡ። አንዱ ጣናን አነሳ። እንቦጭም በአበባው አምሮ፣ ጌጥ ነው ተብሎ ዓለምን እንደዞረ፣ ሐይቁ ላይ ሲንሳፈፍ ላየው ምንጣፍ እንደሚመስል፣ በእጅ ሲነቀል እንደሚመለስ። ሌላው ከአፋር ፕሮሶፒስን ጨመረበት፤ እሱ ደግሞ በረሃን ያለማል ተብሎ የተተከለ ነው። ክርክሩ የማን አረም ይከፋል ወደሚል ሄደ። መሃል ላይ የኖትዊድ ቀንበጥ እንደ ሩባርብ ጎምዘዝ ያለ ነው፣ ጃፓኖች ይበሉታል የሚል ነገር ተወረወረ። ለምን አብስለሽው አትገላገዪም ተብዬ ተቀለደብኝ። 4ኛዋ ግቢ ለግቢ እየዞሩ መልቀም ማሠራጨት እንደሆነ፣ የተረጨበት ሊሆን እንደሚችልም አስጠንቅቃ ወደ ቤታችን መለሰችን።

17ኛው ተክሉ ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ። እውነትም አስቤው አላውቅም። ከሼዱ ጀርባ አጥር ነው፤ ከአጥሩ ጀርባ የአንድ ሽማግሌ ጓሮ ነው፤ እዚያ ጫካ የሚያህል አለ። እንዲህ ከሆነ ጎረቤቴን ከስሼ ወጪውንም የቤቱን ዋጋ ቅናሽም ማስከፈል እንደምችል አበሠረኝ። ማስረጃው በ2018 በይግባኝ ፍርድ ቤት ያበቃው፣ የባቡር ሐዲዱን የሚያስተዳድረው የኔትወርክ ሬይል ጉዳይ ነው። በደቡብ ዌልስ፣ ማይስቴግ፣ ከባቡር ሐዲዱ ዳር ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች ከሐዲዱ መሬት ወደ ቤታቸው በመጣ ኖትዊድ ከሰው አሸንፈዋል።

18ኛው ከግማሹ ተስማማ፣ ግማሹን አረመ። ማሸነፋቸው እውነት ነው። ግን ፍርድ ቤቱ ዋጋ መቀነሱ ብቻውን ለክስ እንደማይበቃ ነው የተናገረው። ያሸነፉት ሥሩ መሬታቸው ውስጥ ገብቶ በንብረታቸው እንደልብ መጠቀምን ስላወከባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሌላ ፍርድ አለ። በዚያው በደቡብ ዌልስ፣ ብሪጀንድ፣ አንድ ሰው ካውንስሉን ከሶ ለቀረው የዋጋ ቅናሽ 4,900 ፓውንድ በይግባኝ ተፈርዶለት ነበር። በግንቦት 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሥሩ ወደ ሰውየው መሬት የገባው ካውንስሉ ጥፋት ፈጽሟል ከተባለበት ጊዜ በፊት ነው። ካውንስሉ ግዴታውን በጊዜው ቢወጣም ቅናሹ አይቀርም ነበር። ስለዚህ እኔ መቼ ገባ የሚለውን ካላወቅኩ ክሱ ከአረሙ በላይ ሊያስወጣኝ ይችላል።

19ኛዋ ይሄ ሁሉ ክስ ለምን እንደሆነ ገረማት። ሰውየውን አናግሬው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላናገርኩትም። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ሆነን ከሰላምታ አላለፍንም። እሷ ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ተጣልታ፣ በጠበቃ ደብዳቤ ተለዋውጣ፣ ሁለቱም ወገን ብዙ ከከፈለ በኋላ አንድ ቀን በበረዶ መኪናዋ ሲያዝ የገፋላት ያው ጎረቤት ነው። እንጀራም ሆነ ኬክ ይዤ እንድሄድ መከረችኝ። ለእኔም ይጠቅማል፤ ከአጥሩ ወዲህ ብቻ ቢታከም ከወዲያ ተመልሶ ይመጣል። እምቢ ካለ ካውንስሉ ሌላውን የሚያውክ ድርጊትን በሚመለከተው የ2014ቱ ሕግ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው እንደሚችል አከለች። ያ ግን የመጨረሻው ነው።

20ኛው ለድርጅት የሚከፈለው ብር አሳዝኖታል። ግላይፎሴት የሚባለው የአረም መድኃኒት ከአትክልት ሱቅ ይገዛል፤ እኔው ራሴ እንድረጨው ሐሳብ አቀረበ። 21ኛው አምስት ዓመት እንደረጨ ነገረው። ሦስቱን ዓመት በስህተት ወቅት ነበር፤ በጸደይ፣ ቀንበጡን እንዳየ። የስዋንዚ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2018 ባወጡት የመስክ ሙከራ በሦስት ዓመት ውስጥ ፈጽሞ ያጠፋው ዘዴ አላገኙም፤ ከሁሉ የተሻለው ግላይፎሴት ሆኖ፣ ወቅቱን መጠበቁ ግን ወሳኝ ነው። ተክሉ ምግቡን ወደ ሥሩ የሚያወርደው በበጋው ማብቂያና በመጸው ነው፤ መድኃኒቱም አብሮ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። አሁን የ21ኛው ግቢ ንጹሕ ይመስላል። መሸጥ ግን አልቻለም፤ ምክንያቱም የረጨበት ወረቀት የለውም። የገዢው ባንክ ያየው እሱ ራሱ የጻፈውን ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለወራት ዝም አለ። 22ኛውን የጻፍኩት በታኅሣሥ ነው። ደላላውን ቀየርኩ። ጎረቤቴ ጋ በዳቦ ሄድኩ፤ ድፎ ዳቦ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጓሮውን አልረገጡትም። ተክሉን ሚስታቸው ይወዱት ነበር፣ አበባውን። እንዳልነቅለው የሚለምኑኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ከድርጅቱ ዋጋ ግማሹን አንሥተው ሰጡኝ። ሁለቱም ግቢ በመስከረም ተረጨ። ቅጹ ላይ አለ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ፤ እጄ መንቀጥቀጡን አልደብቅም። ቤቱን ካዩት ሁለቱ ወዲያው ተዉት። ሦስተኞቹ ባልና ሚስት 14,000 ፓውንድ ቀንሱልን አሉ፤ በ8,000 ተስማማን። ባንካቸው የሕክምናውን ዕቅድና ዋስትናውን ጠየቀ፣ አየ፣ አለፈ። ስምንቱ ሺህ ያንገበግበኛል። አይንገበግበኝም ብል ውሸት ነው።

እንኳን ደስ አለሽ የሚሉ ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ 23ኛው መልስ መጣ። 3ኛው ሰውዬ ነው። አነጋገሩ ሌላ ሰው ሆኗል። የዚያን የጥሩን ሽያጭ ቀን ጽፎ፣ አምስት ዓመት ሊሞላው መሆኑን፣ የገዛው ሰው እስካሁን ምንም እንዳላለ፣ ባለፈው ሳምንት ግን ከማያውቀው የሕግ ቢሮ ደብዳቤ እንደደረሰው፣ ገና እንዳልከፈተው ነገረን። ከዚያ 7ኛውን በትሕትና ጠየቀው። ስድስቱ ዓመት የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው?

7ኛው አልመለሰለትም። 24ኛውን የጻፈችው ያችው ጠበቃ ቢሮ የምትሠራዋ ናት፤ 3ኛው ሰውዬ የሰደባት። ስድቡን አላነሳችበትም። ደብዳቤውን ዛሬውኑ እንዲከፍት፣ የራሱን ሶሊሲተር (ጠበቃ) እንዲይዝ፣ እዚህ ግን ከዚህ በኋላ አንድም ቃል እንዳይጽፍ ነገረችው።

በማግስቱ ክሩን ስከፍተው 3ኛው፣ 6ኛውና 23ኛው መልስ ጠፍተዋል። ቁጥራቸው አለ፤ ሥሩ ባዶ ነው። 7ኛው አሁንም ለ6ኛው ይመልሳል፤ 4ኛዋም፣ 5ኛውም እዚያው ናቸው። የእኔም ፎቶ አለ፤ ሼዱ፣ አጥሩ፣ ከላይ ቀኑና ሰዓቱ።